ያልተጨረሰችው የክር ኳስ

ባለፈው እሑድ የልብስ ሣጥኔን ሳራግፍ መርፌ ጣቴን ጠቅ አደረገኝና "ወይኔ!" ብዬ እጄን ሳብኩ፤ ናፍታሊን ናፍታሊን በሚሸተው ጨርቅ መሀል ያቺ የክር ኳስ ከነመርፌዋ ተቀምጣለች። ብነቀንቃት ውስጧ ያለው ባቄላ ዛሬም ይንሿሿል። ብቻዬን በምኖርበት ቤት ያ ድምፅ የት ድረስ ይዞኝ እንደሚሄድ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐይቅ ከተማ ያሳደገችኝ አክስቴ ዘይነባ ናት፤ እናቴ የሞተችው ነፍስ ሳላውቅ ነው። አክስቴ በስንደዶና በአክርማ የምትሰፋው መሶብ ከአምባሰል ድረስ ሰው ያስመጣ ነበር። ጓሯችን ያለችውን ክፍል የተከራየችው ጃፓናዊቷ የሒሳብ አስተማሪያችን ዩኪም ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስፌት ትማራለች፤ የመጀመሪያ ሰፌዷ ተጣሞ ባርኔጣ ስለመሰለ አክስቴ አንስታ ራሷ ላይ ደፋችላትና እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ዩኪ በተራዋ የአገሯን የክር ኳስ አስተማረቻት፦ ጨርቅ ይድቦለቦላል፣ ክር ይጠመጠምበታል፣ ላዩ በቀለም ክር ኮከብ ይጠለፍበታል። በአገሯ እናት ለልጇ ስትሠራ ምኞቷን በልቧ ይዛ አንድ ነገር ውስጡ ትደብቃለች፤ ምን እንደሆነ አትናገርም። አክስቴ "አስተግፊሩላህ! ሒርዝ ነው እንዴ?" ብላ ደነገጠች፤ ክታብ አለመሆኑን አስምላ ነው ለእኔ መሥራት የጀመረችው።

ያን ሰሞን ውጫሌ ሌላ ትዳር የያዘው አባቴ ሊወስደኝ ልኮ ነበር። አክስቴ እንደሆነ ኳሷን መጠምጠም ብቻ። ትሰጠኝ ይሆን አትሰጠኝ እያልኩ ስጨነቅ ሰንብቼ፣ ምኞቷ ያለው ኳሷ ውስጥ ነው ብዬ፣ ገበያ በሄደችበት ያን ሁሉ ልፋት በምላጭ ተረተርኩት። ፊደል የማትቆጥር ሴት ወረቀት ትደብቃለች ብዬ መጠበቄ! ያገኘሁት ባቄላ ያለባት የቫዝሊን ቆርቆሮና የተጠቀለለችባት የነተበች ቢጫ ጨርቅ ብቻ ነው። በንዴት ጨርቋን እሳት ውስጥ ወረወርኳት።

አክስቴ ተመልሳ ጨርቋ መቃጠሏን ስታይ አልጮኸችብኝም፤ ደጃፉ ላይ ዘፍ አለች። "የእናትሽ ሻሽ ነበረች" አለችኝ። "ከእሷ የቀረችን ያችው ናት። አብራሽ ትሂድ ብዬ ነው።" ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! ልትሰጠኝ መሆኑም የገባኝ በዚህች ቃል ነው።

ከዚያ የራሷን ሻሽ ጫፍ ቀደደች፣ ቆርቆሮዋን ጠቀለለችባትና እንደገና ትጠመጥም ጀመር። አባቴ ሲመጣ ኮከቡ ገና ግማሽ ነበር። "አብሽሪ የኔ ማር፣ ስትመጪ እንጨርሳታለን" ብላ ኳሷን ከነመርፌዋ አስታቀፈችኝ። በየክረምቱ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፣ በየክረምቱ ኳሷን ውጫሌ እረሳታለሁ፤ ልጅ ነኛ፣ አክስቴ ሁሌ የምትኖር መስሎኝ። ዩኪ አገሯ ገባች። አክስቴም ሞተች።

ዛሬ ሐይቅ ያለው ቤታችን ሌላ ሰው ይኖርበታል፤ የአክስቴ ፎቶ እንኳ የለኝም። እሑድ ሙሉ የሻሿን ቀለም ለማስታወስ ስታገል ዋልኩ፤ አረንጓዴ ነበር እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ሰማያዊ። ቁራጯ ይኸው እጄ ላይ፣ ኳሷ ውስጥ ናት። ላያት ብል ግን እንደገና መተርተር አለብኝ።