የዱር ተርኪዎቹ የተያዙበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ ኧርቪንግ የሚባል ከተማ የተከራየነው አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያውና ሃይዌዩ ብቻ ነው። በዲቪ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። አባቴ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ እናቴ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ትምህርት በሌለን ቀን ሁለቱም ሥራ ከገቡ እኔና ታናሽ እህቴ ማርታ ተቆልፎብን እንውላለን። "ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቱ፤ ድምፃችሁም እንዳይሰማ" ትለን ነበር እናቴ።

ደብረ ብርሃን ሳለን ከጨዋታ የምንገባው ለእራት በስንት ጥሪ ነበር። እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ ስንምግ እንውላለን፤ ማርታ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ የሚያልፈውን መኪና ታያለች። እኔ ደግሞ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

አንድ የብርድ ቅዳሜ የአባቴ አብሮ አደግ ጋሽ ደምሴ መጣ። ከፎርት ዎርዝ ወደ ምዕራብ ርቆ የከብት እርባታ ውስጥ ይሠራል። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች እዚያ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ የዱር ዶሮ ሊይዙ ስለሆነ ልጆቹ ይዩ አለ። እናቴ መጀመሪያ እንቢ አለች፤ በኋላ ግን እረፍቷ ስለነበር አብራን መጣች።

ሜዳው ላይ ሰፊ መረብ ከፍ ተደርጎ ምሰሶዎች ላይ ተወጥሯል፤ ከሥሩ በቆሎ ተበትኗል። እኛ ራቅ ብሎ በቆመ መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግተን ተቀመጥን። "ኦኬ፣ ከአሁን በኋላ ትንፍሽ የለም" አለን ጋሽ ደምሴ። ልክ ቤት እንደተቆለፈብን ትንፋሼን ያዝኩ። ማርታ እጄን ጨብጣ አልለቅ አለች።

ተርኪዎቹ ከቁጥቋጦው ተራ በተራ ወጡ። እግራቸው ረጃጅም ነው፤ ላባቸው ፀሐይ ሲያገኘው እንደ መዳብ ያበራል። አንገታቸውን ደፍተው በቆሎውን መልቀም እንደጀመሩ መረቡ ወደቀ። አቧራው ተነሣ፣ ክንፍ ከክንፍ ተጋጨ፣ ተደብቀው የነበሩት ሠራተኞች እየሮጡ ደረሱ። እያንዳንዷን ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ሲከቷት ከውስጥ በጥፍሯ ስትቧጥጥ ይሰማል።

"ምን አድርገው ነው?" አልኩ እያለቀስኩ።

"ምንም። ወደ ምሥራቅ ባለው ጫካ ድሮ ያለ ልክ ታድነው አልቀዋል። ሶ፣ እዚህ ከበዙበት ወስደው እዚያ ይለቋቸዋል" አለ ጋሽ ደምሴ። "እዚህም ቢሆን ሁልጊዜ አይበዙም። እንቁላሏን መሬት ላይ ነው የምትጥለው። ስፕሪንግ ላይ፣ ብርዱ ሲያልቅ፣ ደህና ከዘነበ ሣሩ አድጎ ይሸፍናታል፤ ጫጩቶቹም የሚለቅሙት ነፍሳት አያጡም። ድርቅ ከሆነ ግን ሣር የለ፣ ራኩን የሚሉት አውሬ እንቁላሉን ይጨርሰዋል። ዝናቡ ሲበዛም ጫጩቱ ረጥቦ በብርድ ያልቃል።"

"ታዲያ ከዚህ ሁሉ ጫጩቶቹን ዘግተው ቢያሳድጓቸውስ?" አለችው እናቴ።

"ተሞክሮ ነበር አሉ። ተዘግቶበት ያደገ ተርኪ ዱር ሲለቁት ግራ ይገባዋል። መሸሸግ አያውቅ፣ ምግቡን መፈለግ አያውቅ። ብዙም ሳይቆይ አውሬ ይበላዋል።"

ስንመለስ እናቴ በየመሃሉ ወደ ኋላ እየዞረች እኔንና ማርታን ታየን ነበር። በማግስቱ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ ምድር ቤት የምትኖረውን ሜክሲኳዊት ጎረቤታችንን አነጋገረች። የሴትዮዋ ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፤ እኛንም አብራ ልትጠብቀን ተስማማች። የመጀመሪያው ቀን ማርታ እየሮጠች ወረደች። እኔ ደረጃው መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ወጥቼ ለመጫወት ቀናት ወስዶብኛል።

አሁን የምኖረው አርሊንግተን ነው። ባለፈው ስፕሪንግ ዝናቡ ደህና ነበርና እናቴንና ትንሿን ልጄን ይዤ ጋሽ ደምሴን ልጠይቀው ሄድኩ። ያኔ ሜዳ የነበረው አብዛኛው ቤት ተሠርቶበታል። ከአጥሩ ወዲያ በቀረው ሣር ውስጥ ግን አንዲት ተርኪ ጫጩቶቿን አስከትላ ስትሄድ አየን። ልጄ እጄን ለቃ ወደ አጥሩ ሮጠች፤ ልጠራት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

እናቴን "ያኔ ቤት ስትቆልፊብን በጣም እንፈራ እንደነበር ታውቂያለሽ?" አልኳት።

ልጄን በዓይኗ እየተከተለች፣ "እኔማ ከእናንተ የባሰ እፈራ ነበር" አለችኝ።