አውቶቡሱ ሐኪም ጋራን የወጣ ዕለት

ስለ አውቶቡሱ ከማውራቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ፤ የስፌት መኪናው ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህበታል። በዚያ መንገድ ላይ ከእኔ የተሻለ ኮሌታ የሚያዞር ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም ብል ውሸት ይሆናል፤ ለመመካት ነው። ማንም አላስተማረኝምና። ከከተማው በላይ ካለው ተራራ፣ ከሐኪም ጋራ የወጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። ስፌቱን የተማርኩት አሮጌ ሱሪ ገዝቼ ስፌቱን እየፈታሁ መልሼ በመስፋት ነው። የአማርኛውን ፊደል የለቀምኩት ጊደር መጋላ ገበያ ላይ በርበሬና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። አረብኛውን ከቁርአን ቤት ይዤ ወጣሁ፤ ኦሮምኛው የእናቴ ነው፤ ሐረሪኛውን ደንበኞቼ ሲከራከሩኝ ሰጡኝ። በጃንሆይ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሰዎች ጋዜጣ ለማስነበብ ሱቄ ድረስ ይመጡ ነበር። እኔም መቀሴን አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነብላቸው ነበር። የማላውቀው ቃል ቢያጋጥመኝም ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

አውቶቡሱ መጥቶ ፈረስ መጋላ አደባባይ የቆመ ጊዜ ወንበሮቹን ያለበስኳቸውም እኔ ነኝ። ባለቤቱ ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴ ነበሩ። ያረጀውን ሽፋን አሳዩኝና «ትችላለህ?» አሉኝ። ወንበር ሰፍቼ አላውቅም ነበር። «ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» አልኳቸው። አንዱን ሽፋን ፈትቼ አየሁት፤ ሱሪ ማለት ነው፣ እግር የሌለው ሱሪ። ሁሉንም በቀይ አለበስኩላቸው። አውቶቡሱ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ፣ በትልቁ በር ወጥቶ፣ አዲሱን ከተማ ዞሮ ሲመለስ የከተማው ሰው ቆሞ ያየው ነበር። እኔ ደግሞ ወንበሮቹን አይ ነበር።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። ታላቅ እህቴ ሐኪም ጋራ ላይ፣ ባሏ ትቶላት በሞተው ቤት ትኖር ነበር። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ላሞቿን በማለዳ አልባ፣ ወተቱን በጮጮ ሞልታ፣ በራሷ ተሸክማ ወደ ጊደር መጋላ ትወርድ ነበር። ያቺን ቁልቁለት ስትወርድ አንዲት ጠብታ አይፈሳትም። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። መጀመሪያ እየቆመች፣ ቀጥሎ በምርኩዝ፣ በመጨረሻም አህያ ስትከራይ ብቻ የምትወርድ ሆነች። የአህያው ኪራይ የወተቱን ትርፍ በላው።

ድሬዳዋ ያገባች ልጅ አላት። እሷም «ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ፤ ላሞቹን ሽጪ፣ ቤቱን ዝጊ፣ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ» ብላ ላከችባት።

«ድሬዳዋ ሄጄ ምን ልሠራ?» አለችኝ እህቴ። «በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዝንብ እሽ ልበል? ባሌ የተቀበረው እዚህ ነው። ላሞቼ እዚህ ናቸው።»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ ዳገቱን ጠላ እንጂ እኔን አልጠላም።»

«እኔ ዘንድ ግቢያ።»

«አቦ ተወኝ! ያንተ ቤት የመርፌ ቀዳዳ ነው። ላሟን በየት በኩል ላስገባት?»

እንዲህ እየተባባልን ሳለ ነው የአውቶቡሱ ባለቤት መስመር ሊያስረዝሙ ነው የሚል ወሬ የመጣው። ከቅጥሩ ውጭ ወዳለ አንድ ሰፈር ይደርሳል፤ ወይ አቦከር፣ ወይ ሐኪም ጋራ። የትኛው እንደሚሻል የሁለቱ ሰፈር ሰዎች ይነጋገሩ ተብሎ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተጠራን። እህቴም አህያ ተከራይታ ወረደችና ከሴቶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተባለ፣ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሐረሪኛ፣ ባለቤቱ በአማርኛ ይናገራሉ፤ የሚያስተረጉመው ማን ነው? እኔ ነኝ። ያለ እኔ አፍ ለአፍ ሲተያዩ ይውሉ ነበር።

ለአቦከር የተናገረው አንድ ወፍራም የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ተነሳና ሐኪም ጋራን በእጁ አመለከተ። «ወንድሞቼ፣ ያንን አያችሁ? ባለቤቱ እኮ የገዙት አውቶቡስ ነው፤ ፍየል አይደለም።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቄ፣ «አቦከር ሜዳ ነው፤ ሰውም እግር አለው። በሜዳ ላይ አውቶቡስ የጠየቀ ሰው ነገ ደግሞ አጉራሽ ይጠይቃል» አልኩ።

«አንተ ልብስ ሰፊ!» አለኝ። «ዳገቱ ከረዘመብህ እንደ ሱሪ እጠፈው!»

እውነቱን ለመናገር ይህ አባባሉ ጥሩ ነበር። እኔው ራሴ ለኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ስተረጉምለት ሁለተኛ ተሳቀ።

ነገሩ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሾፌሩ ተነሳ። የከተማችን ተወላጅ ክርስቲያን፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። መንገዱን በእግሩ ሄዶ አይቶታል። «ከቅጥሩ መውጫ፣ ከቡዳ በር ጀምሮ ያለው ሁሉ ይወጣል። የቅዱሱ ወሊይ መቃብር ያለበት ጠመዝማዛ ላይ ግን ሰው ሞልቼ አላወጣትም። ሞተሩ ከጠፋብኝ ወደ ኋላ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ገደል ነው» አለ።

ቀጥለው የመቃብሩ ጠባቂ ሼህ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሱ።

«እኔ አውቶቡሱን አልጠላውም፤ ጉልበቴም እንደ እናንተው ነው» አሉ። «ነገር ግን በወሊዩ ፊት ተቀምጦ ያለፈ ሰው አላየሁም። አባቶቻችን ከበቅሎ ወርደው ነው ያለፉት። ሹም ወርዷል፣ ሙሽራ ወርዳለች። አሁን ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ ጫቱን እያላመጠ፣ ሽው ብሎ ሊያልፍ ነው?»

ይህን ሳስተረጉም ድምፄ አነሰ። ባለቤቱ እጃቸውን ዘረጉና፣ «ሞተሩም እምቢ፣ ወሊዩም እምቢ ካሉ እኔ ምን አቅም አለኝ? በሚመጣው ሳምንት ተሰብስበን እንቁረጠው፤ ልቤ ግን ወደ አቦከር ነው» አሉ። የበርበሬው ነጋዴ በሩቁ በሁለት ጣቱ የሚቆርጥ መቀስ ሠርቶ አሳየኝ።

ከሰዓት በኋላ እህቴን በአህያ ጭኜ ይዤአት ወጣሁ። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ፣ የወሊዩ ነጭ ግንብ በዛፉ ሥር ሲታይ፣ «አውርደኝ» አለች።

«ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ። ጉልበትሽ...»

«አቦ አውርደኝ አልኩህ!»

አወረድኳት። ገመዱን ለቅቄ ክንዴን ሰጠኋት። የፋቲሓ ጸሎቷን በሹክሹክታ እየቀራች፣ አንድ እግሯን እየጎተተች፣ ያቺን ዳገት በራሷ እግር ወጣቻት። ግማሽ ላይ ቀና ብል አህያው የለም። ሸክሙ ሲወርድለት በጠመዝማዛው ላይ ተፈትልኮ ወጥቶ፣ ደልዳላው ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጆሮውን ወደ እኛ አዙሮ ይጠብቀናል።

ቆምኩ። ወሊዩ ያረፉት ዳገቱ ከሁሉ በሚበረታበት ቦታ ላይ ነው። እኛ ለክብራቸው ስንወርድ ኖርን፤ በቅሎው፣ አህያው፣ ግመሉ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን ጀምሮ ትንፋሹን የሚያገኘው በዚያች ቦታ ነበር። በዚያ መንገድ እልፍ ሰው አህያ ነድቶበታል። ያየሁት እኔ ነኝ። ግን ያየሁት ነገር ከእኔ የሚበልጥ መሆኑን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ሱብሃነላህ ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁም፤ ይህን ያህል ቋንቋ እያወቅሁ።

«ምን ሆንክ?» አለች እህቴ። «ፀሐይ መታህ?»

«ድሬዳዋ አትሄጂም።»

«ማን ነገረህ?»

«አህያው።»

እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች፤ ትኩሳት መስሏት። አስረዳኋት። «ግን እዚህ ስትደርሺ ትወርጃለሽ። ይህቺን ዳገት በእግርሽ ነው» አልኳት።

«ይህቺን መቼ ተቀምጬ አልፌያት አውቃለሁ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ እንድናገር ጠየቅሁ። አሳጠርኩት፤ ለእኔ ማሳጠር ከባድ ነው። ሰው ሁሉ ከጠመዝማዛው በታች ይወርዳል፣ በወሊዩ ፊት በእግሩ ያልፋል፣ አውቶቡሱ ባዶውን ወጥቶ ደልዳላው ላይ ይጠብቃል። ሲወርድም እንዲሁ።

«ይህን ማን መከረህ?» አለ የበርበሬው ነጋዴ።

«አህያ።»

«ይኸው፣ ራሱ አመነ!»

«አዎን፣ እኔን አህያ መክሮኛል» አልኩት። «አንተን ግን አህያም አልመከረህም።»

ያን ዕለት ሳቁ የእኔ ነበር። ሾፌሩ ግን አልሳቀም፤ ወደ ጋራው ቀና ብሎ አየና «ባዶዋን ትወጣለች» አለ። ይህችን ብቻ። ባለቤቱ ወደ ሼሁ ዞሩ። ሼሁም ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «ሰዉ ይወርዳል፤ መልካም። ሾፌሩስ? እሱ ተቀምጦ ሊያልፍ ነው?» አሉ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የእህቴ ላሞች፣ ቤቷ፣ ሁሉ ነገር በሾፌሩ ወንበር ላይ ተንጠለጠለ። ከሴቶቹ መካከል ስትመለከተኝ ይታየኛል። ያዳነን ሾፌሩ ራሱ ነው።

«አባቴ» አላቸው ሼሁን፣ «እኛም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ ከበቅሎ እንወርዳለን፤ ነገሩ ይገባኛል። መሪውን ከለቀቅሁ መኪናዋ ገደል ትገባለች። ኮፍያዬን አውልቄ ባልፍስ?»

ሼሁ ብዙ አሰቡ። «ልጓም የያዘ ሰው አገልጋይ ነው፤ አገልጋይ ይቅር ይባላል» አሉ። «ኮፍያህን ግን አውልቅ።»

ተቆረጠ፤ ለሐኪም ጋራ።

የመጀመሪያው ጉዞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነበር። እህቴን ከፊት፣ ከሾፌሩ ጀርባ አስቀመጥኳት፤ ባዶ ጮጮዋን ጭኗ ላይ አቅፋለች። የበርበሬው ነጋዴ ሳይቀር ሊታዘበን ተሳፍሯል። እስከ ጠመዝማዛው ድረስ ጫጫታው፣ ዘፈኑ፣ እልልታው ጆሮ ያደነቁር ነበር። አውቶቡሱ ቆመ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ከፊቱ አኖረው። ሰው ሁሉ ወረደ፤ እንደ ወረደም ዝም አለ። ሙስሊሙ ፋቲሓ ይቀራል፣ ክርስቲያኑ ነጠላውን አጣፍቶ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እህቴ ከሁሉ ፊት ነበረች፤ ከእሷ የሚቀድም ሰው አልነበረም፣ ሁሉም እርምጃውን በእሷ እግር ለክቶ ነበር።

ከጎናችን ያ ትልቅ ነገር ወጣ። ሞተሩ በዝግታ እያጉረመረመ፣ በመስኮቶቹ ባዶ ቀይ ወንበሮቼን እያሳየ፣ ሽማግሌ እንደሚያልፍ አለፈን። ብረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆዱን ፈትቼ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ያን ጊዜ እሱም ወርዶ በእግሩ የሚሄድ መሰለኝ። የሰፋሁት ነገር ሁሉ፣ ያነበብኩት ሁሉ ያን ሰዓት ከትከሻዬ ላይ ወርዶ ቀለለኝ። ስለ ራሴ ለትንሽ ጊዜ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ደልዳላው ላይ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቀናል። ከበታቻችን ሐረር በቅጥሯ ውስጥ ተሰብስባ፣ ጣሪያ በጣሪያ ላይ፣ የመስጊዶቿ ሚናራዎች እንደ መርፌ ቆመው ትታያለች። ልጅ ሆኜ በየቀኑ ያየኋት ከተማ ናት፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቻት አላውቅም። ዝምታውን የሰበረው የበርበሬው ነጋዴ ነው። ወገቡን ይዞ እያለከለከ፣ «አቦ፣ እንዲህ ከሆነማ ለምን ከቡዳ በር ጀምሮ በእግራችን አንወጣም ነበር?» አለ። ሾፌሩ ኮፍያውን አጠለቀ፤ እጁን ለእህቴ ዘረጋላት፤ ሳቅና ጫጫታው እንደገና ተሳፈረ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ልጇ ከድሬዳዋ መጣች። የመጣችውም በዚያው አውቶቡስ ነው፤ በከተማ ጫማዋ ጠመዝማዛውን እያነከሰች ስትወጣ እናቷ ከላይ ሆና ትስቅባት ነበር። ሁለት ሌሊት አደረች። በማለዳ ጮጮው ሞልቶ፣ እናቷ የፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ወደ ጊደር መጋላ ስትወርድ አየች። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ተመለሰች።

እንግዲህ የሠራሁትን ልቁጠር፤ ሌላ ሰው አይቆጥርልኝምና። ሳልማር አነበብኩ። እግር የሌለው ሱሪ ሰፍቼ የአውቶቡስ ወንበር አለበስኩ፤ ቀዩ ሽፋን አውቶቡሱ እስኪያረጅ ድረስ አልተቀደደም። የሦስት ቋንቋ ሰዎችን አነጋገርኩ፣ የተሰደብኩትን ስድብ እንኳ ሳላጎድል ተርጉሜአለሁ። የበርበሬውን ነጋዴ ከዚያ በኋላ የልጆቹን ልብስ ሁሉ እኔ ዘንድ እንዲያሰፋ አደረግሁት። አህያ ያየውን አየሁ። ለሐኪም ጋራ አውቶቡስ አመጣሁ። እህቴን ከቤቷ አላስወጣሁም፤ አላህ ሲወስዳት ከባሏ አጠገብ ነው የቀበርናት። በከተማው መስጊድ ከተሰገደባት በኋላ የጀናዛዋን ቃሬዛ ከታች ተሸክመን በእግራችን ስንወጣ፣ ሾፌሩ ማንንም ሳያሳፍር፣ ኮፍያውን እንዳወለቀ፣ ባዶውን አውቶቡስ እስከ ላይ ድረስ ከኋላችን ነዳው።