አባቴ ሽቦውን የለቀቁበት ቀን

ነገሌ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራ ሴት እኔ ብቻ በነበርኩባቸው ዓመታት፣ ወደ ጋራዣችን የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው አባቴን ነበር። እኔን የሚያየኝ እሳቸው ከሌሉ ብቻ ነው። አባቴ ሥራውን የተማሩት መፈተሻ በማይገኝበት ጊዜ ነው። የሽቦውን ጫፍ ልጠው ከመኪናው ብረት ጋር ጫር ያደርጉትና ብልጭታውን አይተው ይፈርዳሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ነበሩ፤ እኔም በእሳቸው ስኮራ ነው ያደግኩት።

እኔ ግን ብልጭታ አልወድም። ሁለት መፈተሻ አለኝ። አንዱ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ቁጥር የሚያሳይ ሜትር ነው። ሌላውን ራሴ ሠራሁት፦ የፍሬቻ አምፑል፣ ሁለት ሽቦ፣ በአንዱ ጫፍ መቆንጠጫ፣ በሌላው የተሳለ ሚስማር። ለትንሽ መኪና የአሥራ ሁለት ቮልት፣ ለጭነት መኪና የሃያ አራት አምፑል ለየብቻ አስቀምጣለሁ። ሰው በሜትሩ ይደነቃል፣ በአምፑሉ ይስቃል። ይሳቅ። ሜትሩ ከሽቦው ምንም ስለማይወስድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ላለው የኮምፒውተር ሽቦ ደህና ነው። አምፑሉ ግን ኤሌክትሪኩን ይጠጣል፤ የደከመ ሽቦ አምፑል ሲጫንበት ወዲያው ይታወቅበታል።

ድርቅ በበረታበት አንድ ዓመት፣ ከሊበን ላሞች የጫነ መኪና በራችን ላይ ቆመ። የላሞቹ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሣር አለ ወደተባለበት፣ ሜጋ አካባቢ ወዳሉት ዘመዶቻቸው እየወሰዷቸው ነበር። ሹፌሩ ውሃ ልጠጣ ብሎ ሞተሩን ቢያጠፋው አልነሣ አለው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዷ ላም ተንበርክካለች። የከሳ ከብት መኪና ላይ ከተኛ ሌሎቹ ይረግጡታል፤ አይነሣም። ሽማግሌው ጅራቷን ይዘው ወደ ላይ ይስባሉ። ከመንጋቸው የተረፉላቸው እነዚያ ብቻ ነበሩ።

አባቴ ቀድመውኝ ደረሱ። ጋራዡ ውስጥ የነበሩ ሹፌሮች ከበዋቸዋል። ከኮምፒውተሩ ሶኬት የሚወጣ ሽቦ ስበው በጥርሳቸው ሊልጡ ሲሉ አየሁ። ጫር ካደረጉት ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ መኪናው እዚያው ይቀራል፤ ላሞቹም እንደዚያው። በእኛ ቤት ደግሞ አባትን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው።

«አባዬ፣ ይተዉት» አልኩ። «ይሄ መኪና ብልጭታ አይችልም። ለእኔ ይልቀቁልኝ።»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። ሽቦውን ለቀቁና ሄደው የግድግዳው ጥላ ሥር ቆሙ።

ሞተሩን ከሚያስነሣው ሞተሪኖ ላይ ቀጭኑን ሽቦ ነቀልኩ። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሜትሩ ሃያ አራት አለ። ሽቦው ደህና ከሆነ የተቃጠለው ሞተሪኖው ነው ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አላስቻለኝም፤ አምፑሉን ያዝኩበት። የውስጡ ክር ቀላ እንጂ አልበራም። ሽቦውን በእጄ እየተከተልኩ ከጭነቱ ሥር ገባሁ። ከብት የሚጭን መኪና ላይ ሽንቱ በወለሉ ቀዳዳ ወርዶ የት እንደሚያርፍ የእኛ አገር ሰው ያውቃል። ልክ እዚያ ላይ ሽቦው ተቀጥሎ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ የቀረው ሁለት ክር ነው። ሽንቱ በአንገቴ እየወረደ ቆርጬ እንደገና ቀጠልኩት። አምፑሉ ቦግ አለ።

መኪናው ሲነሣ ላሟ በሹፌሮቹ ትከሻ ተደግፋ ቆማ ነበር። ሽማግሌው ወረዱና ምርቃቱን በኦሮምኛ ለአባቴ ያዘንቡት ጀመር። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

አባቴ ከጥላው ወጥተው እጃቸውን በማንሣት አስቆሟቸው። የሠራችው ልጄ ናት አሏቸው በኦሮምኛ። ከዚያ ወደ ሹፌሮቹ ዞሩ።

«እኔ ብነካው አቃጥዬው ነበር» አሉ ጮክ ብለው። «ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተር ያለው መኪና ስታመጡ እሷን ጥሩልኝ።»

ዕድሜ ልካቸውን ተሳስቻለሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ፊቴን በክንዴ ጠረግሁ፤ ሽንቱን ነው ብዬ። የዚያን ቀን የኮራሁት በእሳቸው ነው።