አማቼ ያስለካው ወንዝ ዳር

አማቼን ተማሪዎቹ «ገመዱ» ይሉታል። ፊት ለፊት አይደለም፤ ጀርባውን ሲሰጣቸው ነው። እሱም ያውቃል። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ «ገመዱ ጆሮም አለው» ቢላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አሉ። ስሙ የወጣለት የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ሳለ ከጠመኔው ይልቅ የቃጫ ገመድ ታቅፎ ስለሚገባ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር። ችካል እየተከለ፣ ገመድ እየወጠረ አሳደገው። ዛሬም መሠረቱ የተጣመመ ቤት ሲያይ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቱን ያኮማትራል።

ልጄን ያገኛት እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እሷ ማኅበራዊ ሳይንስ ታስተምራለች። የምንኖረው አብረን ስለሆነ ራት ላይ የሚያወሩት ሁሉ ይደርሰኛል።

«የሦስት ማዕዘን ስፋት በቃላቸው ይወጡታል» አላት አንድ ምሽት። «የገዛ ግቢያቸውን ስፋት ስትጠይቂያቸው ግን ዐይን ዐይንሽን ነው የሚያዩት።»

«የኔዎቹስ? የሩቅ አገር የሕዝብ ብዛት ሲሸመድዱ ይውላሉ። ጎረቤት ስንት ነፍስ እንዳለ የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲያው አብረን እናውጣቸው።»

«ወዴት?»

«ወንዝ ዳር።»

ወንዝ ዳር ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ሰፈር ነው። ቤቶቹ እንደ ሰካራም ተደጋግፈው የቆሙ፣ ቆርቆሯቸው ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት ናቸው። ለዚያ ሁሉ ሰው ያለው አንድ ቦኖ ውሃ ብቻ ነው። የባልና ሚስቱ ሐሳብ ቀላል ነበር። ተማሪዎቹ ሰፈሩን ለክተው ካርታ ይሠራሉ፤ በየቤቱ ያለውን ሰው ይቆጥራሉ፤ አንዱ ቦኖ ለስንት ሰው እንደሚደርስ ያሰላሉ። ካርታው ሲታይ የሚያፍር ባለሥልጣን ከተገኘ ሁለተኛ ቦኖ ይተከላል።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የበረታችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበረች። ገመድ በያዘች ቁጥር ትልቅ ትንሽ ሳትል «ቀጥ በሉ!» ስለምትል ጓደኞቿ ስሟን «ቀጥ በሉ» አሏት። የቃጫ ገመድ ሲሳብ ይረዝማል። ስለዚህ አማቼ ጠዋት ጠዋት ገመዱን ከትምህርት ቤቱ የብረት ሜትር ጋር ያስተያያቸው ነበር፤ በየሜትሩ ከታሰሩት ቋጠሮዎች ርቀቱ የረዘመውን ፈትታ የምታሳጥረው እሷ ነበረች። እናቷ ከቤታቸው ደጃፍ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ልጇ ጎረቤቱን ሁሉ ስታሰልፍ እያየች ትስቃለች።

የነሱ ቤት በመጨረሻው ረድፍ፣ ለውሃው ቅርብ ነው። እዚያ ሲደርሱ ልጅቷ ቆም አለች።

«ቲቸር፣ የኛንም ረድፍ እናስገባ? ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው እኮ። በማንም ካርታ ላይ የለም።»

«ሰው ይኖርበታል?»

«እኛ ነና!»

«ሰው ከኖረበት አለ። ያለውን አስገቢ።»

ልጄም ከወዲያ «ካርታ ላይ የሌለ ሰው ውሃ አይደርሰውም» አለች። ሁለቱም ከልባቸው ነበር።

በወላጆች ቀን ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የሰፈሩ ሴቶች ተጋፍተው በጣታቸው ቤታቸውን ይፈልጋሉ። «ይቺውላችሁ ማድቤቴ!» ትላለች አንዷ። «ቤትሽ በወረቀት ላይ አምሮበታል፣ እዚያው ብትኖሪ ይሻልሽ ነበር» ትላታለች ሌላዋ። ርእሰ መምህሩ ደስ ቢለው ለተጋበዙት የከተማው ጽሕፈት ቤት ሰዎች አንድ ቅጂ በስጦታ አበረከተ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጽሕፈት ቤቱ ለወንዙ የቀረበ ቤት ይነሣ የሚል የቆየ ደንብ ነበረው። ቤቶቹ የት የት እንደቆሙ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረ ደንቡ ተኝቶ ኖረ። አሁን ወረቀቱ ተገኘ። ክረምቱ እንዳለፈ አንድ ቀን፣ ቀያሽ በነጋታው ቀይ ቀለም ይዞ እንደሚመጣና ቀለም የተቀባው ቤት እንደሚፈርስ ተነገረ። በካርታው መሠረት የመጨረሻው ረድፍ ከተከለከለው ወሰን በሁለት ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል።

ልብስ ሰፊዋ ወሬውን እንደሰማች እኛ ቤት መጣች። ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ግቢ እስቲ፣ እባክሽ» አለቻት ልጄ።

«አልገባም። ውሃ ነበር ያላችሁን። ልጄን በገዛ እጇ ቤቷን አስለካችኋት?»

መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። አማቼ የቀረበለትን ገፋ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሐሰት ቁጥር ተናግሬ አላውቅም።»

«ነገ ተናገራ፣ ልጄ» አልኩት።

በማግስቱ ልጄን ተደግፌ አብሬው ወረድኩ። ቀያሹ ትሑት ሰው ነው፤ የቀለም ቆርቆሮውን ከልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ሥር አስቀምጧል። አማቼ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ፣ ይህን ካርታ አይመኑት። የለካነው በቃጫ ገመድ ነው። ቃጫ ሲሳብ ይረዝማል፤ የረዘመ ገመድ ርቀቱን ያሳንሳል። እውነተኛው ርቀት ካርታው ላይ ካለው ይበልጣል። እነዚህ ቤቶች ከወሰኑ ውጭ ናቸው።»

ቀያሹ ወረቀቱን አየ፤ ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አጋደመ። «እንደሱ ከሆነ አልቀባም። እንደገና ይለካ ብዬ እጽፋለሁ። ወረፋው ረዥም ነው፤ ዘንድሮ የሚደርስም አይመስለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ዐይኗን ጨፍና ግድግዳውን ተደገፈች። አማቼ እዚያ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። ግን ውሸት ያልለመደ ሰው ልኩን አያውቅም።

«የልጆች ሥራ ነው መቼም» ብሎ ጨመረ። «ስህተት ይበዛዋል።»

ልጅቷ ከቦኖ ጀሪካን አዝላ እየተመለሰች ነበር። የሰማችው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

«ምን ስህተት አለው ቲቸር?» አለች ፊቷ ቀልቶ። «ጠዋት ጠዋት ከብረት ሜትሩ ጋር እያስተያየን፣ ቋጠሮውን እያሳጠርን አይደል እንዴ የለካነው? አንድ ጣት አይዛነፍም!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የእናቷን ፊት ስታይ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጀሪካኑ ከነውሃው መሬት ወደቀ፤ ያነሣው የለም።

ቀያሹ ከቦርሳው የራሱን ሜትር አወጣ። ጫፉን የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ ሁሉም ዐይኑን ሰበረ። አማቼ ያዘለት። ከውሃው ጠርዝ እስከ ግድግዳው ለኩ። ቀያሹ ካርታውን አየ፤ ሜትሩን አየ፤ ደግሞ ካርታውን አየ።

«መምህር፣ ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው ያሉዎት» አለ። እያሾፈ አልነበረም። ከዚያ ብሩሹን ነከረ።

«አላወቅኩም ነበር ቲቸር» አለች ልጅቷ።

«ልክ ነሽ» አላት። «ያልሽው ሁሉ…»

ቤቶቹ በፈረሱ ዕለት አማቼ ዕቃ ሊያግዝ ሄደ። የስፌት መኪናውን ሊያነሣ ሲጎነበስ ልብስ ሰፊዋ «እሱን ይተዉት፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለችው። ክፉ ቃል አልጨመረችም። የተወሰዱበት ቦታ ከከተማው ጫፍ ነው፤ በአቅራቢያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ቁልፍ ትተክላለች አሉ።

እኔ የጎልማሶች ፊደል የምማረው እነሱ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ ከአማቼ ክፍል ጎን ነው፤ መሐከላችን ስስ ግድግዳ ነው። ዘንድሮ የሚያስተምረው ከመጽሐፉ ነው። በቀደም ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤

«ጻፉ። አንድ አራት ማዕዘን የሆነ ቦታ አለ እንበል። ርዝመቱ…»

«ቲቸር፣ የት ነው ያለው? ወርደን አንለካውም?» አለ አንድ ልጅ።

የጠመኔው ድምፅ ሰሌዳው ላይ ቆመ።

«የትም የለም» አለ በመጨረሻ። «ጻፉ።»