በልጄ አፍ

ናይሮቢ በገባን በአስረኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ሦስት የአገሩ ሽማግሌዎችና አንዲት ሴትዮ ልጄን ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቁ መጡ። የምንኖረው ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር፣ ከሰው ግቢ ጓሮ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። ወንበር ስላልበቃ ሴትዮዋን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና አንድ ሌሶ ይዘው ነበር፤ ሌሶ የዚያ አገር ሴቶች የሚያሸርጡት ጨርቅ ነው።

እኔ ስዋሂሊ አልችልም። የያዝኩት የገበያውን ብቻ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንሽ፣ አይሆንም፣ አመሰግናለሁ። ኪሌሌሽዋ የሚባለው ሰፈር፣ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ያገሬ ሰዎች ቤት ምግብ አበስላለሁ፤ እዚያ የሚነገረው አማርኛ ነው። እሑድ ቸርችም ስብከቱ መዝሙሩ አማርኛ ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት አሳዩ ሲል የምትመልሰው ልጄ ናት። ክሊኒክም ልጄ፣ አከራይዋ ስትቆጣም ልጄ።

ስንፍና ነው የሚሉኝ ነበሩ። ስንፍና አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ባሌን የበላው አፉ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አንድ ነገር ተናገረ፣ በሳምንቱ መጥተው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ፊደል ያስቆጠረኝም ያው መንግሥት ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። ስሜን ጽፌ ያሳየሁት ዕለት ባሌ አጨብጭቦልኝ ነበር። እሱ ከቀረ ወዲህ የሚተርፈው ዝም ያለ ሰው ነው የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ደግሞም ቋንቋቸውን መልመድ እዚያው ለመቅረት መፈረም መስሎ ታየኝ። ደርግ ዘንድሮ ይወድቃል እንላለን በየዓመቱ። ቁም ሳጥን እንኳ አልገዛሁም፣ ስንሄድ ለማን እንጥለዋለን ብዬ። ቤት ውስጥ ከአማርኛ ሌላ እንዳይነገር ከልክዬ ነበር፤ ልጄ በእንቅልፏ በስዋሂሊ ስትቃዥ ቀስቅሻት አውቃለሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ብዙ ተናገረ። ልጄ ወደኔ ዞረች።

"እማዬ፣ ልጅሽን ስጪን ነው የሚሉት።"

"ይህን ሁሉ አውርተው ይችን ብቻ?"

"ሌላው ምስጋና ነው።"

"የምሰጣት ልጅ የለኝም በያቸው። አንድ ናት። አገሬ ስገባ ይዣት ነው የምገባው። ስኳራቸውንም ይውሰዱ።"

"ስኳሩንም ልበል?"

"ስኳሩንም!"

ዞራ ተናገረች፣ ረዘም አድርጋ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ትልቁ ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ሴትዮዋ እልል አለች፣ ሌሶውን ዘርግታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው።

አይሆንም የሚለውን ቃላቸውን አውቀዋለሁ። ሐፓና ነው፤ ለቲማቲም ሻጯ ስለው የኖርኩት ነው። አፌ ላይ መጣ። ልጄን አየኋት። ፖሊስ ሲያስቆመን እኔ እሷን እንደማያት፣ ትንፋሿን ይዛ ታየኛለች። ቃሉን ዋጥኩት።

እንግዶቹ እንደወጡ ያዝኳት።

"ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"ያልሽውን።"

"እኔ ያልኩት አያስጨበጭብም።"

ኩባያ መሰብሰቧን ተወች። "እናቴ ልጄ አንድ ናት፣ ከዛሬ ጀምሮ የናንተም ናት አለች፣ አልኳቸው።"

"አንቺ ልጅ!"

"ምን ላድርግ እማዬ? በየዓመቱ ነገ እንገባለን ትይኛለሽ። ክላሴ የነበሩት ሁሉ ኪታምቡሊሾ አወጡ፣ መታወቂያ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ልጁን ደግሞ እወደዋለሁ። አንቺም ትወጂው ነበር፣ ብታናግሪው።"

"ከዚህ በፊትስ ቃሌን ለውጠሽ ታውቂያለሽ?"

ሳቅ ጀመራት። "አከራይዋን ሌባ በያት ስትይኝ፣ እናቴ እንደምን ዋልሽ ትልሻለች እላት ነበር። ያለዚያ እስከ ዛሬ እዚህ ቤት የምታኖረን ይመስልሻል?"

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። አስር ዓመት ሙሉ ለዚያ አገር ሰው ምን እንዳልኩ አላውቅም ማለት ነው። እነሱ የሚያውቋት ሌላ ሴት ናት፣ ደግ፣ አንደበቷ የለዘበ፣ ልጄ የፈጠረቻት።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። የማበስልላቸውን እመቤት "እትዬ፣ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ እሷን ከወሰዳችሁ እኔ ማን አለኝ፣ በስዋሂሊ እንዴት ይባላል?" አልኳቸው። "እኔስ መች እችልና፣ በእንግሊዝኛ ነው የምግባባው" ብለው ሳቁ። በር ላይ ያለውን ዘበኛ ጠየቁልኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ሸመደድኩት።

በቀጠሯቸው መጡ። ልጄ አፏን ሳትከፍት እኔ ተናገርኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳልስት። የልጄ ፊት ዓመድ መሰለ። ትልቁ ሽማግሌ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። ብዙ መለሰልኝ። ሴትዮዋም ጨመረችበት። ዘበኛው ካስተማረኝ አንዱንም ቃል ከንግግራቸው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። መናገሩን እንጂ መስማቱን አልተማርኩም።

"ምን አሉ?" አልኳት ልጄን።

"ልጅ ልንጨምርልሽ እንጂ ልንወስድብሽ አልመጣንም ነው የሚሉት።"

እውነት ይሁን አይሁን ከፊቷ ለማየት ሞከርኩ። ዓይኗን አልሰበረችም። ግን ዓይኗን አለመስበር ያስተማርኳትም እኔው ነኝ፣ ለፖሊስ።

"እሺ በያቸው" አልኩ።

ይህኛውን በአንድ ቃል ነገረቻቸው።