ሽማግሌ የመጣ ቀን የቀየርኩት የበር መብራት

ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፤ የውጭ በራችን መብራት ግን ሞቷል። የሞተው በክረምቱ ነበር። ዝናብ ገባበት፣ አንድ ምሽት ብልጭ አለና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩት። አዲሱ ገበያ ባልዲና ጀሪካን ስሸጥ የኖርኩ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ የሚገዛው ሲቸግር እንጂ ሲሰበር እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አሁን ቸገረ። ቤታችን ቁስቋም አቀበት ላይ ነው፤ ከበሩ ወደ ግቢ የሚያወርዱት የድንጋይ ደረጃዎች በቀንም ስመ ሥላሴ ያስጠራሉ። እነዚሁ ሽማግሌዎች ባለፈው ሲመጡ አንደኛው አዳልጧቸው በመቀመጫቸው ወርደዋል። በዚያ ላይ እኔ "ከዘመድ ልምከር" ብዬ ቀጠሮ ሰጥቼ መለስኳቸው። በመጀመሪያ ዋጋ እሺ የሚል ነጋዴ ሱቁን ቶሎ ይዘጋል። በኋላ በሰው በሰው የመጣው ወሬ ግን እኔም ዘንድ ልጄም ዘንድ ደረሰ፤ ትልቁ ሽማግሌ "ዳግመኛ ከመለሰን ያን አቀበት አንወጣም" ብለዋል።

"አባዬ፣ ዛሬ እንዳትከራከር" አለችኝ መሰላሉን ደግፋ።

"ገና ሳይመጡ?"

"ዓይንህ ላይ አየሁት። ደንበኛ ሲገባ ነው እንደዚህ የምትሆነው።"

እውነቷን ነው። ሌላ ቀጠሮ አዘጋጅቼ ነበር። ግን ደስታ ይሁን ፍርሃት ያልለየለት፣ የበዓል ዋዜማ የመሰለ ነገር ይዞኛል። ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል።

አዲሱን መብራት የገዛሁት ከሱቄ ጎን ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ነው፤ ሽፋኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ። አመሻሽ ላይ መሰላሉን ገና እንዳቆምን የሰፈሩ መብራት በሙሉ ሄደ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ጸጥ፣ ወፍጮ ቤቱ ጸጥ። በደስታ አጨበጨብኩ።

"ይኸው! እግዜር ራሱ አጠፋልኝ።"

በእኛ ሰፈር የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው መብራት ሲሄድ ነው። መብራት ሄደ ሲባል ሶኬት የሚፈታው፣ ሽቦ የሚቀጥለው ይበዛል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያው ነኝ። ልጄ ግን እጇን ከመሰላሉ ላይ አነሳች።

"ብሬከሩን አጥፍተሃል?"

"ሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ እኔ ማንን ላጥፋ?"

"ሲመጣስ? 'እየመጣሁ ነው' ብሎ ይደውልልሃል?"

"መቼ ነው እንደሱ ቶሎ መጥቶ የሚያውቀው?"

"በቃ፣ ካላጠፋህ አልይዝም።"

ገበያ ላይ እንደዚህ ያለ ደንበኛ ሲገጥመኝ ዕቃውን ጠቅልዬ እሰጣለሁ። ገባሁና ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር ቀጭ አድርጌ አጠፋሁ።

ወጣሁ። መሰላሉ የእንጨት ነው፤ የብረቱን እሷው ከልክላኛለች። አሮጌውን መብራት ስፈታ ዝገት ያቀላው ውሃና የዝንብ መቃብር እጄ ላይ ተደፋ። ኮረንቲ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተር ሽቦዎቹ ላይ አስነካሁት፤ አልበራም። ኮረንቲ በሌለበት የቴስተር ምስክርነት ምን ዋጋ አለው፤ ቢሆንም አስነካሁት። አዲሱን በብሎን አጠበቅኩ፣ አንዱን ሽቦ አገናኘሁ። ሁለተኛውን ራቁቱን በጣቶቼ ይዤ ሳለ፦

"መጣ!"

ይህን ጩኸት የማያውቅ ሰው ጉለሌ ውስጥ የለም። ከላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ጀምሮ የሕፃናቱ "መጣ!" ቁልቁል ተንከባለለ። መስኮቱ ሁሉ በራ፣ ወፍጮው አጓራ። እኔ ሽቦውን እንደጨበጥኩ ነኝ። ሽቦው ግን እንደ ክር ዝም ብሏል። ሳቄ መጣ፤ አናቴ ላይ ያለው ሰማይ ራሱ የተጨመረልኝ ምርቃት መሰለኝ።

ስቄ ሳልጨርስ የባለቤቴ ድምፅ ከማድ ቤት ወጣ።

"እንዴ! የሁሉም መጥቶ የእኛ ብቻ ምን ሆነ?"

እርምጃዋ ወደ ቆጣሪው አመራ። ብሬከሩን ሳጠፋ ለልጄ እንጂ ለእሷ አልነገርኩም።

"እማዬ! እንዳትነኪው!" ብላ ልጄ ጮኸች። ወፍጮው ድምፅዋን ዋጠው። ቤቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ መሰላሉን ለቀቀችና ወደ ውስጥ በረረች። ሽቦውን ወዲያው ጣልኩት። ስወራጭ ግን የመሰላሉ አንድ እግር ከድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለት እጆች ከሥር ጭምድድ አድርገው ያዙት።

"ይዤዎታለሁ። አይንቀሳቀሱ።"

ቁልቁል ሳይ ነጭ ጋቢ። ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ ባልንጀሮቻቸው ከኋላ ቆመዋል፤ አንደኛው ደረጃውን እንደ ጠላት እያዩ በከዘራቸው ይነካኩታል።

"እንደምን አመሻችሁ" አልኩ ከላይ። ሌላ ምን ይባላል።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አይወርዱም?"

"አንድ ሽቦ ቀርቶኛል።"

"እንግዲያው ይጨርሱ። እኛ እንደሆን እሺ እስክንባል መቆም ልማዳችን ነው።"

ከውስጥ ልጄ ተጣራች፦ "አባዬ፣ አልተነካም! ብሬከሩን ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜያለሁ! ማንም አያልፍም!"

አሁን ቴስተሩ የሚመሰክረው ነገር አለው። አስነካሁት፤ አልበራም። ሽቦውን አገናኘሁ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ሽፋኑን ገጠምኩ፣ ወርጄ መሬት ረገጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው "አብሪው!" ያልኩት።

በራ። እንዴት እንደበራ! ደረጃው እስከ ታች ስንጥቁ ሳይቀር ታየ፤ የሦስቱ ጋቢ በአንድ ጊዜ ነጣ። ባለቤቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለችና መብራቱን ስታይ አላስቻላትም።

"እልልልልል!"

ለመብራቱ ነው እኮ። ጎረቤት ግን ሽማግሌ እንደሚመጣ ከጠዋት ጀምሮ ያውቃል። ከግራ አጥር ማዶ እልልታ፣ ከቀኝ እልልታ፣ ከታች ከወፍጮ ቤቱ በኩል ሌላ እልልታ። "እንኳን ደስ ያላችሁ! እሷስ ይገባታል!" የሚል ድምፅ አጥሩን ዘሎ መጣ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "እኛ ገና አፋችንን አልከፈትንም" አሉ ባለ ከዘራው።

ልጄ በራፉ ላይ ቆማ እኔን እኔን ታያለች። "እስቲ ከወንድሞቼ ጋር" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ሰፈር እልል ካለ በኋላ ቀጠሮ የሚሰጥ አባት አላውቅም። መሰላሌን የያዙልኝን ሰው አቀበት ለአቀበት የምመልስበትን ፊትስ ከየት አመጣለሁ? እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እልል ማለት አምሮኝ ነበር።

"እሺ ብያለሁ። ልጄ ልጃችሁ ናት። ግቡ፣ ተቀመጡ።"

ልጄ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ሁለቱ ሊገቡ ሲሉ ትልቁ ሽማግሌ ንቅንቅ አላሉም።

"አልቀመጥም።"

ደንግጬ "ምነው አባቴ?" አልኳቸው።

"ባለፈው ንግግሬን መሃል ላይ አቋርጠውኛል። ዛሬ ሙሉውን ይዤ ነው የመጣሁት።"

ጋቢያቸውን አስተካክለው መብራቱ ሥር ቆሙና ከአዳም ጀመሩ። ጥሩ ንግግር ነበር። ባለቤቴ ወጡን አማስላ ስትመለስ ገና አብርሃምና ሣራ ላይ ነበሩ።