እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እጠራለሁ

«አብተው እኮ ባሕር ተሻግሮ ሐኪምነት የተማረ ሰው ነው» እያሉ ለእንግዳ የሚያስተዋውቁኝ አሉ። ምነው ምላሳቸውን በያዘልኝ! መማሩንስ ተምሬአለሁ፤ የተማረው ግን አፌ ነው። እጄ እስከ ዛሬ መሃይም ነው። እንዴት እንደሆነ አንድ ጊዜ ልናገርና ይውጣልኝ።

የተወለድኩት ቡልጋ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ እናትና አባታችንን በአንድ ሳምንት ሲወስዳቸው፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ወልደአማኑኤል ከአዳማ መጥቶ እጄን ይዞ ወሰደኝ። እሱ አዳማ ባቡር ጣቢያ የጫኝና አውራጆች አለቃ ነበር። ያን ጊዜ አዳማ ከተማ አይሏት ነገር፦ ጣቢያው፣ ባቡር ውሃ የሚጠጣበት ጋን፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፤ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነው። ሐኪም የሚባል ፍጡር የለም። ጋሼ የእናታችንን ሬሳ እንኳ ሳያይ የቀረበትን ያንን ኅዳር ሊረሳው አልቻለም። «አንድ ቀን ከቤታችን ሐኪም ይወጣል። ሰው እንደ ዶሮ ፍግም ብሎ አይቀርም» ይል ነበር።

ራሱ ፊደል አልቆጠረም። የተማረ ሰው ሲያይ ግን ከመቀመጫው ይነሣል። ነገር ሁሉ መዝጊያው «የተማረ ይግደለኝ!» ነው። ወጡ ጨው ቢበዛበትም «የተማረ ይግደለኝ»፣ ዝናቡ ቢዘገይም «የተማረ ይግደለኝ»። ሚስቱ እትዬ ዘርፉ «እኔ ያልተማርኩትስ ምን ላድርግህ?» እያለች ታሾፍበታለች።

እኔ ከቡልጋ ስመጣ ዳዊት ደግሜ፣ ድቁና ተቀብዬ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ደግሞ ምን እንደሚያስተምር የታወቀ ነው፤ ሁሉን በቃል። የሰማሁት አይጠፋኝም። ፈረንሳይኛውን ከጣቢያው ሰዎች ጀመርኩት፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተማርኩና ጨበጥኩት። በ1916 መስከረም፣ ባሕር ማዶ ሄደው ሕክምና ይማሩ ተብለው ከተመረጡት መካከል ገባሁ። ጋሼ ጣቢያው ላይ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አብሮ ሮጠ። እንደ ሕፃን እያለቀሰ «እንዳትሰንፍ!» ይለኛል።

ቤይሩት አንድ ክፍል የተሰጠን ለሁለት ነው። ሌላው አብዱናሲር ይባላል፤ በአቦምሳ በኩል የሚነግድ የአርሲ ነጋዴ ልጅ፣ ወሬኛ፣ ሣቂ፣ ስም መያዝ የማይሆንለት ሰው። የመጀመሪያው ዓመት የአጥንት ትምህርት ነበር። አቤት ደስታዬ! የሰው ልጅ ሁለት መቶ ስድስት አጥንት አለው፤ ሁሉንም በዳዊት ዜማ አደረግኋቸውና ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት እወርዳቸዋለሁ። ልብ ደምን እንዴት እንደሚገፋ፣ ሳንባ አየርን እንዴት እንደሚስብ፣ ኩላሊት ምን እንደሚያጣራ፣ ሁሉን ቃል በቃል አነበነብኩ። መምህሩ አፉን ይዞ ይሰማኝ ነበር። አብዱናሲር ከኋላዬ ተቀምጦ «አንተ ልጅ ሰው ነህ ወይስ መጽሐፍ?» ይለኛል።

በሁለተኛው ዓመት ሬሳ ወዳለበት አዳራሽ አስገቡን። ለሁለት ተማሪ አንድ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ስሙ የማይታወቅ፣ ወገን የሌለው፣ ፍትሐት ያልተደረገለት ሽማግሌ። ቢላዋውን ሰጡኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ሬሳ የነካ ዲያቆን እንዴት ብሎ ታቦት ይጠጋል? አገሬ ስመለስ እንዴት ብዬ እቀድሳለሁ?

አብዱናሲር አየኝ። «ለእኔስ ሐላል መሰለህ? አላህ ይቅር ይበለኝ እንጂ ሳያዩ እንዴት ያክማሉ?» አለና ቢላዋውን አነሣ። እጁ ግሩም ነበር፤ ቆዳውን ሲገልጥ አንዲት ክር የምታህል ጅማት አትበጠስበትም። ስሟን ግን አያውቅም። «ይቺ ማን ናት?» ይለኛል። እኔ አንድ ክንድ ርቄ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስሟን እነግረዋለሁ። በዚያው ውል ሆነ፤ እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እጠራለሁ። መምህሩ እየዞረ ሲያይ «ከጠረጴዛዎች ሁሉ የጸዳው የናንተ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም እፍረት የለኝ፣ አመስግኜ ተቀበልኩ። ሲጠይቀኝ ደግሞ አንድ ስም አልስትም፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ!

የጭን ትምህርት የዋለው በሰሙነ ሕማማት ነው። ያን ሳምንት ጭራሽ አዳራሹን አልረገጥኩም፤ ስሰግድ ሰነበትኩ። አብዱናሲር ደብተሩን አመጣልኝ። በአንድ ከሰዓት አነበነብኩት፦ ትልቁ የጭን ደም ሥር ከየት እንደሚነሣ፣ በየትኛው ጅማት ሥር እንደሚያልፍ፣ ግራና ቀኙ ማን እንደሆነ። መጨረሻው ላይ መምህሩ ያዘዘው አንድ ነገር ተጽፏል። «ጣትህን ብሽሽትህ መሃል አሳርፈህ ተጫን፤ ትርታው ይሰማሃል። እግር ሲቆረጥ የምትዘጋው እዚያ ነው» ይላል። እሷንም በቃሌ ያዝኳት። ጣቴን ግን አላሳረፍኩም። በሕማማት ብሽሽት መደባበስ ነውር መሰለኝ።

«አብተው፣ በናትህ አንዴ ብቻ እጅህን አስገባ» አለኝ አብዱናሲር። «ነገ አገርህ ስትገባ እኔ አጠገብህ የለሁም።»

«አንተ አርፈህ ስሞቹን አጥና» አልኩት። ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

በ1917 ሐምሌ ለእረፍት መጣሁ። ጋሼ አዳማን አገላብጦ ጠብቆኛል፤ «ሐኪሙ መጣ!» ያላለበት በር የለም። በሽተኛው ይጎርፍ ጀመር። ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ለመጣ ሁሉ የሆድ ዕቃውን ስም በፈረንሳይኛ እዘረዝርለታለሁ፤ ደስ ብሎት ይመለሳል። ጋሼ በር ላይ ቆሞ ያዳምጠኛል። እንደዚያ ሲኮራ አይቼው አላውቅም። እኔም ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ረስቼ ጠምጥሜ ተቀመጥኩ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከጅቡቲ የመጣ ቆርቆሮ ይራገፋል። እኔ ከጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እትዬ ዘርፉ የጋሼን ምሳ ይዛ መድረሷ ነው። የእስሩ ሽቦ ተበጠሰ። አንዱ ቆርቆሮ ተንሸራቶ ወረደና ጋሼን ጭኑን ከላይ በኩል ገመሰው። ደሙ እየዘለለ ይወጣል። ጆንያ ላይ አስተኙት።

ከጣቢያው ጀርባ አባባ ኑሬ የሚባሉ ወጌሻ ነበሩ። ሰውም ያሻሉ፣ ለገበያም ያርዳሉ። ጩኸቱን ሰምተው ሽርጣቸውን ሰብስበው እየሮጡ መጡ። እትዬ ዘርፉ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«አባባ ኑሬ፣ ይቆዩ! የራሳችን ሐኪም አለልን!»

ጋሼም ያንን ሁሉ ሕመም ችሎ ፈገግ አለ። «ይተዉት አባባ ኑሬ፤ የተማረ ይግደለኝ» አለ። ሽማግሌው ቆሙ።

ተንበረከክሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መሃሉን ቢጠይቁት ከመጀመሪያው ካልተነሣ አይመጣለትም። እኔም ያው ነኝ። ከዳሌ አጥንት ጀመርኩ። በአፌ እየወረድኩት፣ በእጄ ነጠላ ቁስሉ ላይ እጎሰጉሳለሁ፤ ደሙ በነጠላው ሥር ይመጣል። ጣቶቼን ወደ ጉልበቱ በኩል ሰደድኩ። ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ፤ ስሙን፣ ጎረቤቶቹን፣ ቅርንጫፎቹን አውቃለሁ። ሲነኩት ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። ሥጋ ሁሉ አንድ ሆነብኝ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ አባባ ኑሬ ከቆሙበት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከፍ አድርግ። ከቁስሉ በላይ ነው።»

«ዝም ይበሉ! እኔ አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

አምላኬ ምስክሬ ነው፣ አውቅ ነበር። እያነበነብኩ ብሽሽቱ ጋ ስደርስ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ፣ አባባ ኑሬ በክርናቸው ገፍተው ጣሉኝና ጉልበታቸውን በጋሼ ብሽሽት መሃል አሳረፉት። ደሙ ቀጥ አለ። እንዲህ ነው፣ ቀጥ! ግን የሚቆመው ምን ቀርቶት? የጋሼ ከንፈር አመድ መስሏል። ዓይኑን ወደ እኔ አዞረና «አይዞህ» አለኝ። እሱ እኔን! ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

አባባ ኑሬ ከጋኑ ሥር ጉልበታቸውን እየታጠቡ ጠየቁኝ፤ ቁጣ የለባቸውም፣ ግራ ገብቷቸው ነው። «እንዴት ነው ልጄ፣ የት እንደሆነ አላስተማሩህም?»

«አስተምረውኛል» አልኳቸው።

ከአርባው በኋላ እትዬ ዘርፉ ሻንጣዬን አዘጋጅታ «ሂድና ጨርስ፤ የጋሼህ ምኞት ነው» አለችኝ። ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ባቡሩ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ፤ እኔ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ተመልሼ ያንን አዳራሽ ልግባ? ቀድሞ ሬሳ ለመንካት ፈራሁ፤ አሁን ደግሞ ሕያው ገድዬ የሬሳ ፊት ለማየት አፈርኩ። ታቦቱንም እንደሆነ ከዚያ ወዲህ አልተጠጋሁትም። እዚያው ጣቢያው ስልክ ቤት ሥራ ያዝኩ፤ ወሬ ማቀበል አፍ ብቻ ይበቃዋል።

እትዬ ዘርፉ ሰው ሲጠይቃት «የተቻለውን አድርጓል፤ ቀኑ ደርሶ ነው» ትላለች። እንዲህ ስትል ሰምቼ ዝም አልኩ። አንድ ዓመት ዝም፣ ሁለት ዓመት ዝም። ከሁሉም ጋር ትሳሳቅ የነበረችው ያቺ ሴት ግን ከስታ ከስታ አጥንቷ ቀረ። አባባ ኑሬ ባለፉ ቁጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። እኔ ሐዘን ነው አልኩ።

በ1924 ከጅቡቲ የመጣ ባቡር ውሃ ሲጠጣ አንድ ባለባርኔጣ ወረደና «መጽሐፉ!» ብሎ ጮኸ። አብዱናሲር ነው። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሐኪም ሆኖ ወደ ሥራው መሄዱ ነው። «ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ ይጥፋ? ምን አድርጌህ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ለሰው ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀና ጆንያ ላይ ዘፍ አለ።

«ግማሹ የእኔ ነው» አለ። «ያንተን ድርሻ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ለምነኸኛል።»

ተነሥቶ ቀኝ እጄን ያዘና በዚያ ሁሉ መንገደኛ ፊት፣ በሱሪዬ ላይ፣ የራሴ ብሽሽት መሃል አሳረፈው። «ተጫን» አለኝ። ተጫንኩ። መታ። መታ። ቅርብ ነው፣ ቆዳው ሥር ነው፤ ሕፃን ልጅ ያገኘዋል። ባቡሩ ጮኸ፤ አብዱናሲር አቅፎኝ ሄደ።

በዚያው ሰዓት ስልኩን ለባልደረባዬ ትቼ እትዬ ዘርፉ ቤት ሄድኩ። ቆሜ፣ ከቤይሩት ጀምሬ እስከ ጆንያው ድረስ ነገርኳት። ትረግመኛለች፣ ከቤቴ ውጣ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የምትለቅመውን ምስር ከጭኗ ላይ አወረደችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ አንተ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። «እኔ እኮ ሰባት ዓመት ሙሉ የምናዘዘው ኑሬን መለስኩ፣ ባሌን ገደልኩ ብዬ ነው። ቄሱ ንስሐ ሰጥተውኝ፣ ጾሜ ጾሜ አላልቅ ብሎኝ። ምነው አብተው? ምነው ያኔ ብትነግረኝ?»

ምስሩን ከመሬት አነሣሁና በዚያ መሃይም እጄ እለቅምላት ጀመር።